የተዘለለው ዓመት

እሑድ ማታ አክስቴ ከሚኒሶታ ደወለች። ሰላምታው እንዳለቀ «ልጄ እኮ ኮሌጁን አጋመሰችው» አለችኝ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ መስሎኝ «ማን?» አልኳት። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው፤ ገና 12ኛ ክፍል ናት። «እሷ ናታ! ጠዋት ሃይስኩል፣ ከሰዓት ኮሌጅ። የተማረችው ሁለቱም ጋ ይቆጠርላታል። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም!»

ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቀናሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛም እኮ ይህንኑ አድርገናል። እኔና የዘመኔ ልጆች የዩኒቨርሲቲውን አንደኛ ዓመት ሃይስኩል ውስጥ «ጨርሰን» ነው የገባነው። ልዩነቱ ማንም አልጠየቀንም፤ ማንም አልፈተሸውም። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ሳነብ የሰነበትኩት ለዚህ ነው። የአሜሪካውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በኛው እጽፋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩን የጀመሩት ድሆችን ለመርዳት አልነበረም። በ1951 የኮሪያ ጦርነት ላይ ናቸው፤ ወጣቱ ለውትድርና ይጠራል። የፎርድ ፋውንዴሽን ባቋቋመው የትምህርት ፈንድ ገንዘብ ቺካጎ፣ ኮሎምቢያ፣ ዊስኮንሲንና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት ተኩል በታች የሆነ ልጆችን ሃይስኩል ሳይጨርሱ መቀበል ጀመሩ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ልጁ ለጦር ሠራዊት ከመጠራቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ይማር።

በዚያው ጊዜ ሌላ ቡድን ሌላ ችግር ይዞ ተቀምጧል። አንዶቨር፣ ኤክሰተርና ሎረንስቪል የሚባሉ የሀብታም ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከሃርቫርድ፣ ከፕሪንስተንና ከዬል ጋር ሆነው አንድ ጥያቄ አነሱ። ከእኛ ጋ የወጣው ልጅ እናንተ ጋ ሲገባ ምን ይማራል? በ1952 የታተመው ጥናታቸው መልሱን አወጣ፦ ጎበዙ ልጅ ሃይስኩል የተማረውን ኮሌጅ ገብቶ ይደግመዋል። ይሰለቻል፤ ጊዜው ይባክናል። ሁለቱ ተቋማት ጎን ለጎን እየኖሩ አንዱ ሌላው ምን እንደሚያስተምር አያውቅም ነበር።

ታዲያ አለመድገም የሚቻለው እንዴት ነው? የኬንዮን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው ጎርደን ቻልመርስ የመራው ሌላ ፕሮጀክት የያዘው ይህንን ነው። ልጁን ቀድሞ ወደ ኮሌጅ ከመላክ ይልቅ የኮሌጁን ኮርስ ወደ ሃይስኩሉ ማምጣት። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ይቆያል፤ ትምህርቱ ብቻ ወደ እሱ ይመጣል።

እዚህ ላይ ዋናው ችግር ብቅ አለ፤ ችግሩም መተማመን ነው። አንድ የሃይስኩል አስተማሪ «ይህ ተማሪ የኮሌጅ ካልኩለስ ጨርሷል» ቢል ኮሌጁ ለምን ያምነዋል? የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሲስተሞችን ማገናኘት የዕለት እንጀራዬ ነው። አንዱ የላከውን ሌላው ዝም ብሎ አይቀበልም። መሃል ላይ ሁለቱም የተስማሙበት መመዘኛ ያስፈልጋል። እነሱም መፍትሔ ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ ከትምህርት ቤቱም ከኮሌጁም ውጭ የሆነ፣ ለሁሉም አንድ የሆነ ፈተና። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ሥራውን ተረክቦ በ1956 የጸደይ ወራት ፈተናውን ሰጠ። ስሙ አድቫንስድ ፕሌስመንት፣ ባጭሩ ኤፒ። ከ104 ትምህርት ቤቶች 1,229 ተማሪዎች ተቀመጡ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ክሬዲት የሚሰጠው ግን ፈታኙ አይደለም፤ ኮሌጁ ነው። ይህ ዛሬም አልተለወጠም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1957፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። አሜሪካ ደነገጠች። ጎበዝ ተማሪን ማፍጠን የጥቂት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር መከላከያ ጉዳይ ሆነ። ኤፒም ተስፋፋ፤ ግን ለረጅም ጊዜ የተስፋፋው አቅም ባላቸው ሰፈሮች ነበር።

መመዘኛው ለሁሉም እኩል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የተፈተነው በ1982 ነው። ቦታው ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ፣ ጋርፊልድ ሃይስኩል። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የሠራተኛ ልጆች ናቸው። አስተማሪያቸው ሃይሜ ኤስካላንቴ ከቦሊቪያ የመጣ ስደተኛ ነው። በዚያ ዓመት 18 ተማሪዎቹ የኤፒ ካልኩለስ ፈተና ወስደው ሁሉም አለፉ። ፈታኙ ድርጅት ግን አላመነም። የ14ቱ መልስ ይመሳሰላል ብሎ ጠረጠረ። 12ቱ እንደገና ለመፈተን ተስማሙ፤ ተፈተኑ፤ 12ቱም አለፉ። ታሪኩ በ1988 ፊልም ሆኗል፤ ፊልሙን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ድሉን ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች አንዱን ዕውቀት ሁለት ጊዜ ማስመስከር ነበረባቸው። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም፤ ግማሹ ጥርጣሬው ከመልሶቹ መጣ ይላል፣ ግማሹ ከሰፈራቸው። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለተኛው ፈተና ባይኖር ማንም አያምናቸውም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ፈተናውን ጭራሽ አይፈልግም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ግዛት ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች 12ኛ ክፍል ላይ ተማሪው ሰነፈ፣ ተሰላቸ ብለው ወደ ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ዩኒቨርሲቲው የሃይስኩል መምህራንን አሠልጥኖ የራሱን ኮርስ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዲያስተምሩ አደረገ፤ ክሬዲቱንም ራሱ ሰጠ። እዚህ የሚታመነው የአንድ ቀን ፈተና አይደለም፤ የሚታመነው አስተማሪውና የሴሚስተሩ ሥራ ነው።

ከዚያ የአክስቴ ግዛት ሚኒሶታ መጣች። በ1985 አገረ ገዥው ሩዲ ፐርፒች አንድ ሕግ አስወጣ፦ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይችላል፤ ለሃይስኩሉ ይመደብ ከነበረው በጀት ላይ ደግሞ የኮሌጁ ይከፈላል። እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ሚኒሶታ የመጀመሪያዋ ናት። የመምህራን ማኅበራትና የትምህርት ቤት ቦርዶች አልወደዱትም፤ ተማሪው ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳላ! ሕጉ ግን ጸና። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፤ ሲያትል ያላችሁ «ራኒንግ ስታርት» የምትሉት የዚሁ ወንድም ነው። ዛሬ በመላው አሜሪካ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የሃይስኩል ተማሪ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል። የአክስቴ ልጅ አንዷ ናት።

ወደ አገር ቤት እንምጣ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። 9ኛና 10ኛ ለሁሉም፤ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና፤ ያለፈው 11ኛና 12ኛን «ፕሪፓራቶሪ» ብሎ ይማራል። ፕሪፓራቶሪ ማለት መሰናዶ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ። ይህ በ1990ዎቹ ተግባራዊ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲው ፍሬሽማን የሚባለው አንደኛ ዓመት ጠፋ። ትምህርቱ ወደ ታች ወርዷል፣ ተማሪው ተዘጋጅቶ ይመጣል ተባለ። አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው አብዛኛው ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ።

ልብ በሉ፤ አሜሪካኖች በአንድ ተማሪና በአንድ ኮርስ የጀመሩትን እኛ በአንድ ጊዜ ለመላ አገር አደረግነው። በወረቀት ላይ ያምራል። አንድ ዓመት ቆጠብን፤ ዩኒቨርሲቲው ቦታ አገኘ፤ ወላጅ ከአንድ ዓመት ወጪ ዳነ። የጎደለው ያ መሃል ላይ የሚቆመው ነገር ነው። መምህራኑን የኮሌጅ ኮርስ እንዲያስተምሩ በቅጡ ያሠለጠናቸው ማን ነው? ካልኩለሱ በትክክል መሰጠቱን ዩኒቨርሲቲው በምን ያውቃል? የ12ኛ ክፍል ፈተና ነበረ፤ እሱ ግን ማን ይግባ የሚለውን ነው የሚለየው። ሊሚት የገባውና ያልገባው እኩል «ወስዷል» ተብሎ ይገባል።

እኔ ፕሪፓራቶሪ ስማር ኬሚስትሪ ላብ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ተቆልፎ። ፕላዝማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መብራት ከመጣ ይሠራል። ኢንትግሬሽን የተማርነው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው፤ እሱም ለፈተና ይወጣል የተባለው ብቻ። ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ገብቼ የመጀመሪያው አፕላይድ ማቴማቲክስ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ቦርዱ ላይ «ሊሚት» ብለው ጻፉ። ወዲያው «ይሄንን ፕሪፓራቶሪ ወስዳችሁታል» ብለው አጠፉት። እንደ ቀልድ አንድ ዓመት በዳስተር ሄደ። ጎረቤቴን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። ማንም እጁን አላወጣም። አልወሰድንም ማለት ሰነፍ ነን ማለት ይመስል ነበር። ያንን ሴሚስተር ያለፍኩት ማታ ማታ ከአንድ ሲኒየር የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ እንደገና ተምሬ ነው። ያላለፉም ነበሩ፤ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ።

በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ችግሩን አመነ። በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ፤ የ10ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተናም ቀረ። እኔ ያኔ ሊያልቅልኝ ምንም አልቀረኝም፤ ግቢ ውስጥ ፍሬሽማኖቹን ሳይ ለእነሱ ደስ እያለኝ በራሴ ተናደድኩ። ለእኛስ?

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። ከዚያ ሬሜዲያል መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሃይስኩልን መማር። ዩኒቨርሲቲውን ወደ ሃይስኩል አወረድን ብለን የጀመርነው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሃይስኩሉን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አገኘነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ «ጊዜ መቆጠብ ከንቱ ነው» አልልም። የአክስቴ ልጅ የቆጠበችው ገንዘብ እናቷ በሁለት ሥራ የምታመጣው ነው። ግን ክሬዲት የሚለው ቃል መነሻው እምነት ነው፤ ባንክ ሲያበድርህም፣ ባለ ሱቁ «ዱቤ» ሲልህም ያው ነው። ዱቤ ደግሞ መጨረሻው ይከፈላል። ትምህርቱ በደንብ ከተሰጠ ዓመት ተርፏል። ካልተሰጠ አንድ ሰው ከኋላ ይከፍለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ተማሪው ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ራሷ ደወለች። ሌላ ግዛት ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ከክሬዲቶቿ የተወሰኑትን ግን አልቆጠረላትም፤ የካልኩለሱን ቆጥሮላታል። «ካልኩለስ ሁለት ልግባ ወይስ አንድን ልድገም? ጓደኞቼ መድገም ሞኝነት ነው ይላሉ» አለችኝ።

የካልኩለስ አንድን የማጠቃለያ ፈተና ከኢንተርኔት አውርጂ፣ ስልክሽን አጥፊ፣ ሰዓት ይዘሽ ሥሪው አልኳት። ከሠራሽው ሂጂ፤ ዓመቱ የራስሽ ነው። ካልሠራሽው ድገሚ፤ ማንም አያይሽም።

ትናንት ማታ መልእክት ላከች፦ ከ10 ጥያቄ 7። ሦስቱ የሳታቸው ኢንትግሬሽን ናቸው። «እነሱን ብቻ ታስረዳኛለህ?» ትላለች። ቅዳሜ በቪዲዮ ቀጠሮ ይዘናል። የድሮውን የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ካስቀመጥኩበት እየፈለግሁ ነው።