የመቶ ዶላሩ ሚክስቴፕ፦ ኒፕሲ ሃስልና የተቀረጸ ሙዚቃ ዋጋ



የዛሬው ርዕስ በታሪክ ትምህርት ክፍል እምብዛም የሚሰማ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ባልደረባዬ ማስታወቂያውን አይቶ «ደግሞ ወደ ራፕ ገባህ?» ሲል ቀልዶብኛል። የገባሁት በአንድ ተማሪ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ኢኮኖሚ ታሪክ ምንጮች ሳስተምር፣ የኒፕሲ ሃስል ምስል የታተመበት ካናቴራ የለበሰ ልጅ እጁን አንሥቶ «የአንድ ሙዚቀኛ የንግድ ስኬት በምን ይለካል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በሽያጭ ብዛት» አልኩት። ሰነፍ መልስ ነበር። ዛሬ እሱን ላርም ነው የመጣሁት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦክቶበር 8 ቀን 2013 በሎስ አንጀለስ «ክሬንሾ» የተባለ ሚክስቴፕ ወጣ። ባለቤቱ ኒፕሲ ሃስል፣ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም ኤርምያስ አስገዶም፣ በወቅቱ 28 ዓመቱ ነበር። ሥራው በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ተለቀቀ። ያንኑ ድምፅ የያዘ ሲዲ ደግሞ በ1,000 ቅጂ ብቻ ታትሞ እያንዳንዱ በ100 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ቅጂዎቹ አንድ ቀን ሳይሞላ አለቁ። ከነዚህ 100ውን የገዛው ራሱም ራፐር የሆነው ጄይ ዚ ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነገረውም እንደ ነጋዴ ብልጠት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በነጻ የሚገኝን ድምፅ ሰው በ100 ዶላር ሲገዛ የገዛው ምኑን ነው? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ራፕ በሰፊው ወደ ሸክላ የገባው በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» በተሰኘው ዘፈን ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በመንደር ድግስና በመናፈሻ የሚቀርብ ነበርና ዋጋው በዕለቱ ተጀምሮ በዕለቱ ያበቃ ነበር። ሸክላው ሲመጣ አዲስ ንብረት ተፈጠረ፤ እሱም በሙያው አነጋገር ማስተር የሚባለው፣ ቅጂዎች ሁሉ የሚወለዱበት ዋናው ቅጂ ነው። በተለመደው ውል አሳታሚው ኩባንያ ለሙዚቀኛው ቅድመ ክፍያ ይሰጠዋል፤ የስቱዲዮውንና የሌላውንም ወጪ አስልቶ ከሙዚቀኛው የሮያሊቲ ድርሻ ላይ ይቀንሳል፤ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ማስተሩ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። ቤት ለመሥራት ተበድሮ፣ ብድሩን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ቤቱ የባንኩ እንደሚሆንበት ሰው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በእኔ የወጣትነት ዘመን በአዲስ አበባ ባዶ ካሴት ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት መሄድና የመረጡትን ማስቀዳት የተለመደ ነበር። ሁላችንም አስቀድተናል፤ አንዳችንም ዘፋኙ ከዚያ ምን ያገኛል ብለን አልጠየቅንም። ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ ባንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄዳል፤ ካሴቱ ከዚያ በኋላ መቶም ሺህም ቢሸጥ ለእሱ ያው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1996 ነው። እዚህ ላይ ልቁምና ወደ ካሊፎርኒያ ልመለስ።

የሎስ አንጀለስ ራፕ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች በር ውጭ ያደገ ነው። በ1980ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ማኮላ የሚባል የሸክላ ማተሚያ ነበር፤ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሁሉ ያትም ነበር። የኢዚ ኢ ኩባንያ ሩትለስ ሪከርድስ የመጀመሪያ ሥራዎች በዚያ መንገድ ወጡ። ሸክላና ካሴቱ ከተከፈተ የመኪና ኮፈን፣ ከቅዳሜና እሁድ ገበያ ድንኳን ይሸጥ ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ቱ ሾርትና ኢ ፎርቲም እንዲሁ በእጃቸው እየሸጡ ነው የተነሡት። ማስተር ፒ ደግሞ በ1996 ከፕራዮሪቲ ሪከርድስ ጋር ሲዋዋል አብዛኛውን የገቢ ድርሻና የማስተሩን ባለቤትነት ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ኒፕሲ ሃስል ያደገው ይህን ሁሉ እየሰማ ነው። ስለዚህ የ2013ቱን ሽያጭ ከሰማይ እንደ ወረደ ሐሳብ የሚያቀርቡ ጽሑፎች ያላቸውን ታሪካዊ ጉድለት ልብ በሉ።

ስለ ቆጠራም አንድ ነገር ልበል፤ የዛሬው ጉዳይ ዋና ነጥብ ከዚህ ጋር ይያያዛልና። እስከ 1991 ድረስ ቢልቦርድ መጽሔት የአልበሞችን ደረጃ ያወጣ የነበረው በአብዛኛው የሙዚቃ ቤት ሠራተኞችን እየጠየቀ ነው። ሠራተኛው የሚወደው፣ ወይም ሊሸጠው የሚፈልገው ከፍ ይላል። በሜይ 1991 ሳውንድስካን የተባለው፣ በገንዘብ መቀበያው ላይ የሚነበበውን ባርኮድ የሚቆጥር ሥርዓት መጣ። በሚቀጥለው ወር ከሎስ አንጀለስ ኮምፕተን የመጣው የኤን ደብልዩ ኤ አልበም 1ኛ ሆነ። የአድማጩ ጆሮ በአንድ ወር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው። አዲሱም ሚዛን ቢሆን የራሱ ዕውርነት ነበረው፦ ከመኪና ኮፈን የተሸጠ፣ ባርኮድ የሌለው ሲዲ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም። የኒፕሲ ሃስል የመጀመሪያ ዓመታት ሽያጭ ሁሉ እንዲህ ከሰነድ ውጭ የቀረ ሽያጭ ነው።

ኤርምያስ አስገዶም በኦገስት 1985 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ኤርትራዊ፣ እናቱ አፍሪካ አሜሪካዊት ናቸው። ያደገበት የክሬንሾ አካባቢ በወንበዴ ቡድኖች የተከፋፈለ ነበር፤ እሱም ገና በልጅነቱ ከአንዱ ገባ፤ ይህን አልደበቀም። በ2004 አባቱ እሱንና ታላቅ ወንድሙን ወደ ኤርትራ ወሰዷቸው፤ ለሦስት ወራት ያህል ቆዩ። ሱቁም ንግዱም በአካባቢው ተወላጅ እጅ ያለበትን አገር ማየቱ አስተሳሰቡን እንደ ለወጠው በኋላ በቃለ ምልልሶቹ ተናግሯል። አንድ ጉዞ ሰውን ምን ያህል ይለውጣል የሚለውን ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ሰውየው ራሱ የንግድ ሐሳቡን ከዚያ ጉዞ ጋር ማያያዙ ግን ከምንጮቻችን አንዱ ነው።

ከጉዞው መልስ የራሱን ሲዲዎች በስሎሰንና በክሬንሾ መንገዶች መገናኛ ባለው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ መሸጥ ቀጠለ። ይህን ቦታ ያዙልኝ። ከዚያ ኤፒክ ሪከርድስ አስፈረመው፤ የታሰበው አልበም ግን ሳይወጣ ቀረና በ2010 ተለያዩ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ እየወደቀ ነበር። ናፕስተር ከተፈጠረበት ከ1999 ወዲህ ገቢው እየቀነሰ ሄዶ በ2014 ከግማሽ በታች ደርሷል። ኩባንያዎቹ አዲስ ሰው ላይ ገንዘብ ለማውጣት ይፈሩ ነበር። ኒፕሲም «ኦል መኒ ኢን» የተባለውን የራሱን ኩባንያ ይዞ በዲሴምበር 2010 «ዘ ማራቶን» የተሰኘውን ሚክስቴፕ በነጻ አወጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የ«ክሬንሾ» ዋጋ መነሻም የታወቀ ነው። ጆና በርገር የተባለ የንግድ ትምህርት ፕሮፌሰር በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በፊላደልፊያ አንድ ምግብ ቤት በጥቂት ዶላር የሚበላውን የከተማዋን ሳንድዊች በ100 ዶላር ማቅረቡንና ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ማውራቱን ይተርካል። ኒፕሲ ሃስል ሐሳቡን ከዚህ መጽሐፍ እንዳገኘ ተናግሯል። እንግዲህ ዋጋው ማስታወቂያም ነበር።

ነገር ግን ማስታወቂያ ብቻ ነው ካልን ቅድም የጠየቅሁትን አንመልስም። የሽያጩ ዘመቻ መጠሪያ «በመክፈሌ እኮራለሁ» የሚል ትርጉም ነበረው። ገዢው ድምፁን ቀድሞ በነጻ አግኝቷል። የከፈለው ማስተሩ በሠሪው እጅ እንዲቆይ ነው፤ ከኩባንያ ቅድመ ክፍያ ይልቅ የአድማጭ ቅድመ ክፍያ ልትሉት ትችላላችሁ። በባለሙያው ሒሳብ 1,000 ቅጂ ከቁጥር አይገባም። በተለመደው ውል ግን አንድ ራፐር ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 100,000 ዶላር በእጁ ለማስገባት ስንት አሥር ሺህ ቅጂ መሸጥ እንዳለበት አስቡት።

እዚህ ላይ ምንጩን መጠራጠር ግዴታችን ነው። ከ1,000ው ቅጂ 100ውን የወሰደው አንድ ሰው ነው፤ ከሽያጩ 10 በመቶ ማለት ነው። ይህ ገበያ ነው ወይስ ድጋፍ? በእኔ ግምት ሁለቱም ነው፤ የጄይ ዚ ግዢ ዜና ራሱ ለሥራው ትልቅ ማስታወቂያ ሆኗልና። ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በ2014 የመጨረሻ ቀን «ሜይልቦክስ መኒ» የተሰኘውን ሥራ በ100 ቅጂ፣ እያንዳንዱን በ1,000 ዶላር አቀረበ። እንደ መጀመሪያው በአንድ ቀን የማለቅ ታሪክ አልተደገመም። ስልቱ ወሰን ነበረው፤ ወዳጅ የሆነ አድማጭ ብዛቱ የተወሰነ ነውና።

ይህን ወሰን ሰውየው ራሱ የተረዳው ይመስለኛል። ለዓመታት ሲጠበቅ የቆየው የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙ «ቪክትሪ ላፕ» በፌብሩዋሪ 2018 ሲወጣ በኦል መኒ ኢንና በአትላንቲክ ሪከርድስ ሽርክና ነበር። አንዳንድ አድናቂዎቹ ይህን እንደ ሽንፈት ሊያዩት ይችላሉ፤ እኔ አላየውም። በ2010 ከኤፒክ የወጣው ሰው ይዞት የሚደራደርበት ነገር አልነበረውም፤ በ2018 ግን የገዛ ኩባንያው፣ የራሱ ማስተሮችና ስሙን የሚያውቅ ገበያ ነበሩት። አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት በ53,000 ቅጂ ሒሳብ በቢልቦርድ 4ኛ ሆነ። «የቅጂ ሒሳብ» ያልኩት፣ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ሚዛኑ እንደ ገና ተለውጦ በኢንተርኔት የተደመጠውም ተሰልቶ እንደ አልበም ሽያጭ ስለሚቆጠር ነው። በቀጣዩ ዓመት አልበሙ ለግራሚ የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማት ታጨ፤ ሽልማቱን የወሰደችው ካርዲ ቢ ናት።

አሁን ወደ መኪና ማቆሚያው እንመለስ። በ2017 ኒፕሲና ወንድሙ ሲዲ ይሸጡበት በነበረው የገበያ አዳራሽ ውስጥ «ማራቶን» የተባለውን የልብስ መደብራቸውን ከፈቱ። ቆየት ብሎ ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ አዳራሹን ራሱን ገዛ። የድምፅ ገንዘብ ወደ መሬት ተለወጠ። ይህን በየትኛውም የሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም፤ የምታገኙት በንብረት መዝገብ ላይ ነው። ለዚያ ተማሪ ልነግረው ይገባ የነበረው ይህ ነበር፦ የአንድን ሙዚቀኛ ስኬት ስትመረምር የሽያጭ ሰንጠረዡን ከውሉና ከርስት ሰነዱ ጋር ጎን ለጎን አንብብ፤ አይስማሙምና።

ማርች 31 ቀን 2019 በዚያው መደብር ደጃፍ፣ በዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በ33 ዓመቱ ተተኩሶበት ሞተ። ኤፕሪል 11 በስታፕልስ ሴንተር ሲሸኝ የባራክ ኦባማ ደብዳቤ ተነበበ፤ አስከሬኑም ባደገበት ሰፈር ጎዳናዎች ዞረ። በጥር 2020 ሁለት የግራሚ ሽልማቶች ተሰጡት፤ አንዱም በሕይወት ሳለ አልደረሰውም።

ከሞቱ በኋላ በነበሩት ቀናት «ቪክትሪ ላፕ» ወደ ሰንጠረዡ ተመልሶ ወጣና 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከወጣበት ሳምንት ይልቅ ሠሪው የሞተበት ሳምንት ከፍ አደረገው። ይህን ቁጥር በጥናታችሁ ስትጠቅሱ ምን እንደ ተቆጠረ አብራችሁ ጻፉ፤ ሰንጠረዡ ለደስታና ለሐዘን የተለየ ዓምድ የለውም።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ካናቴራ የለበሰው ተማሪም እጁን አንሥቷል፤ ጥያቄውን ከእሱ እንጀምር።