ጉዲና ቱምሳ (1921–1971 ዓ.ም.)

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጠቅላይ ጸሐፊና የነገረ መለኮት ሊቅ የነበሩ፣ በደርግ ዘመን ከተገደሉት የሃይማኖት መሪዎች አንዱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በጠቅላይ ጸሐፊነት መርተዋል። ስማቸው ከአገር ውጭ ጭምር የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስለ ወንጌልና ስለ ልማት ግንኙነት ያቀረቡት ሐሳብ፣ ሁለተኛው ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው ከምእመናኑ ጋር ለመቅረት መወሰናቸው ነው። በዚህ የተነሣ ክርስቲያናዊ እምነት በአንድ መሪ ውሳኔ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሚያጠኑ ሰዎች ሕይወታቸው እንደ አብነት ይቀርባል።

ልጅነትና ትምህርት

ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቦጂ በተባለው አካባቢ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት እየሠሩ ለአንድ ስዊድናዊ ሐኪም አስተርጓሚ ሆነው አገልግለዋል። ገላን ማከምና ወንጌልን መስበክ ተለያይተው የማያውቁበት ቦታ ነበርና፣ በኋላ የጻፉትን ለመረዳት ይህን ዘመን ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚያ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት አዘንብለው እ.ኤ.አ. በ1958 በቅስና ተሾሙ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመለሱ።

መካነ ኢየሱስ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆና የተመሠረተችው በጥር 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ አባላቷ 20,000 ገደማ ነበሩ። ጉዲና ጠቅላይ ጸሐፊ ሲሆኑ ፕሬዚዳንቷ ሚኒስትርና ዲፕሎማት የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። አባላቷ በፍጥነት እየበዙ ነበር፤ ገንዘቧ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተራድኦ ድርጅቶችና ሚሲዮኖች ይመጣ ነበር።

የ1964ቱ ደብዳቤ

ከጉዲና ከባድ ውሳኔዎች የመጀመሪያው ወዳጅን የሚገሥጽ ነበር። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልጅ ልማት ትስስር የሚያትት ሰነድ ላከች፤ በሐሳቡም በአረቃቀቁም የጉዲና እጅ ጎልቶ ይታይበታል። ቅሬታው ግልጽ ነበር። ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ሳያመነቱ ይሰጣሉ፤ አገልጋዮችን ለማሠልጠንና አጥቢያዎችን ለማጠናከር ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ሰነዱ ነፍስንና ሥጋን ለያይቶ ማየት የምዕራባውያን ልማድ እንጂ የአፍሪካ ሰው አስተሳሰብ እንዳልሆነ፣ ሰው ደግሞ ያልተከፈለ አንድ ፍጡር እንደሆነ ይሞግታል። ልማትን አላጣጣለም፤ የጠየቀው ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ገንዘብ ሰጪውን በአደባባይ መገሠጽ ቀላል አልነበረም፤ እርዳታው ሊቀንስ፣ ወዳጅነቱም ሊሻክር ይችል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1974 በኬንያ ናይሮቢ ከተማ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠራ። «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚለው አስተሳሰብም የቤተ ክርስቲያኒቱ መታወቂያ ሆኖ ቆየ።

አብዮቱና የታማኝነት ጥያቄ

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳውን አብዮት ብዙ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን በተስፋ ተቀብለውታል። በተለይ በደቡብና በምዕራብ ጭሰኛ ሆኖ ለኖረው ገበሬ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እፎይታ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያው ዓመት ባወጣችው መልእክት ለፍትሕና ለእኩልነት የሚደረገውን ጥረት ደገፈች፤ በአንጻሩ የትኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይገባና ፍጹም ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ አስታወቀች።

የጉዲና አመራር መለያ ይህ ነው። መንግሥትን በጅምላ አልተቃወሙም፤ ትክክል የመሰላቸውን ደገፉ፣ ከእምነታቸው ጋር የተጋጨውን ለይተው እምቢ አሉ። ደርግ ወደ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም እያጋደለ ሲሄድ ለመደራደር የነበረው ቦታ ጠበበ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ ንብረት የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። በየክፍለ ሀገሩ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ፣ አገልጋዮች ይታሰሩ ጀመር። በዚህ ጊዜ ጉዲና የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያስተባብር ምክር ቤት እንዲቋቋም ሠርተው ሰብሳቢው ሆኑ። መንግሥት በውጭ አገር ስሙን እንዲያድሱለት ይፈልግ እንደነበር፣ እርሳቸው ግን እምቢ እንዳሉ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይገልጻሉ።

ጥርጣሬውን ያባባሰ ሌላም ምክንያት ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ። የጉዲናን መገደል ከሃይማኖት ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህም ዝምድና ጋር አያይዘው የሚያዩ አጥኚዎች አሉ።

እስር፣ እምቢታና ግድያ

ጉዲና በ1971 ዓ.ም. ብቻ ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። በዚህ መካከል የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ጭምር የገቡበት፣ ከአገር የሚወጡበት መንገድ እንደተመቻቸላቸው ይተረካል። እርሳቸው አልተቀበሉም። መልሳቸው በጳውሎስ ሁለተኛ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ የቆመ ነበር፤ ክርስቶስ ስለ ሰዎች ከሞተ፣ በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው ሊኖሩ አይገባም የሚለው ትምህርት ነው። መንጋው በመከራ ላይ ሳለ እረኛው ሊሸሽ አይገባም የሚል እምነት ነበራቸው።

ከመጨረሻው እስር በፊት በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ክርስቲያን ምን ድርሻ እንዳለው የሚተነትን ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። በዚያ ጽሑፍ ክርስቲያን ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ የሚኖር ሳይሆን በመካከሉ የክርስቶስ አምባሳደር ሆኖ በኃላፊነት የሚያገለግል ሰው ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ጉዲና በአዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ባለቤታቸው በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ ጉዲና ግን አልተመለሱም። ከሥልጣን የወረዱት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚሁ ዓመት ነው።

ውሳኔው እንዴት ይመዘናል?

ጉዲናን «የኢትዮጵያ ቦንሄፈር» የሚሏቸው ብዙ ናቸው። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪክ ቦንሄፈር እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የመቆየት ዕድል እያለው ወደ አገሩ ተመልሶ በ1945 በናዚዎች ተሰቅሏል። ንጽጽሩ ግን ገደብ አለው። ቦንሄፈር ሂትለርን ለማስወገድ ከዶለቱት ጋር ተባብሯል፤ ጉዲና የቀሩት ከምእመናኑ ላለመለየት ነው።

የውሳኔው ዋጋ በእርሳቸው ላይ ብቻ እንዳላረፈም መዘንጋት አይገባም። ወይዘሮ ፀሐይ በኋላ ተይዘው ሥቃይ ተፈጽሞባቸዋል፤ ያለ ፍርድም ወደ አሥር ዓመት ታስረዋል። ልጆቻቸው ተበትነዋል። የመሪ የሕሊና ውሳኔ የቤተሰቡም መከራ ሊሆን እንደሚችል የጉዲና ታሪክ ይመሰክራል፤ ለአድናቆት ብቻ የሚጻፉ የሕይወት ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይህንን ነው።

በ20,000 አባላት የተነሣችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏት ታስታውቃለች። የጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ከተገደሉ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1984 ዓ.ም. በቤተሰባቸውና በምእመናን ፊት ተቀብረዋል።