‹‹ለማን እንናገር?›› – የአቤቱታ በር በዩኒቨርሲቲዎች እንዴት ተከፈተ?



አንድ ተማሪ በመምህሩ፣ በአሠልጣኙ ወይም በክፍል ጓደኛው ሲበደል የደረሰበትን ነገር ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ለማን ልናገር? ብናገርስ ማን ያምነኛል? ግሬዴን ቢያበላሽብኝስ? ቤተሰቤ ቢሰማስ?

ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ፣ የአቤቱታ ቅጽና የስልክ መስመር አላቸው። ሁልጊዜም የነበሩ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ አንዲት ተማሪ መምህሯ ቢያስቸግራት አቤት የምትልበት የታወቀ ቦታ አልነበራትም። በሩን ያስከፈቱት ራሳቸው ተበዳዮቹ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ ክርክራቸውን ተሸንፈው ነው የሄዱት።

ዛሬ ይህን ታሪክ በሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል እናያለን። በደሉ በሁሉም አገር አለ። አሜሪካን የመረጥነው ክርክሩ እዚያ አደባባይና ፍርድ ቤት ደርሶ መዝገቡ ስለተቀመጠልን ነው።

♦ ስም ያልነበረው በደል

ካርሚታ ዉድ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበረች። በሚሠሩበት ክፍል ትልቅ ስም ያለው ሳይንቲስት ነበር። እሷ እንደተናገረችው ይህ ሰው በሥራ ቦታ ያለፈቃዷ ይነካካትና ያስጨንቃት ነበር። ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ብትልም አልተሳካላትም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራውን ጥላ ወጣች።

ሥራ ላጡ ሰዎች የሚሰጠውን ድጎማ ስትጠይቅ ለምን እንደለቀቀች ማስረዳት ነበረባት። ምን ትበል? ነገሩ ስም የለውም። ጥያቄዋን ያየው አካል ‹‹በግል ምክንያት የለቀቀች›› ብሎ መዝግቦ ድጎማውን ከለከላት። ይግባኝ አለች፤ እሱም አልተሳካላትም።

በዚያን ጊዜ በኮርኔል ስለ ሴቶችና ሥራ የምታስተምር ሊን ፋርሊ የምትባል ሴት ነበረች። ፋርሊና ጓደኞቿ የካርሚታን ታሪክ ሲሰሙ የእያንዳንዳቸውም ታሪክ እንደሆነ ተረዱ። ሁሉም ለየብቻቸው የግል ዕድላቸው እየመሰላቸው ተሸክመውት ኖረዋል። ስለዚህ ቁጭ ብለው ለነገሩ ስም ፈለጉ። ግልጽ የሆነውንም ስውር የሆነውንም ጫና የሚይዝ ቃል ነበር የፈለጉት። ዛሬ እኛ ‹‹ጾታዊ ትንኮሳ›› የምንለውን መጠሪያ መረጡ። በግንቦት 1975 በኢታካ ስብሰባ ጠርተው ሴቶች በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጉዳዩን ዘገበ፤ ቃሉም በአገሪቱ ተሰራጨ።

ካርሚታ ዉድ ድጎማዋን አላገኘችም። ከእሷ በኋላ የመጣች ሴት ግን ‹‹ምን ሆንሽ?›› ስትባል የምትመልሰው ቃል አገኘች። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይባል የለ? ስም የሌለው በሽታማ ቢገለጥስ ማን ያክመዋል?

♦ የሌለን በር ማንኳኳት

ዬል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1701 ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ኮሌጁ ሴቶችን የተቀበለው ግን በ1969 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ‹‹ታይትል ናይን›› በሚል የሚታወቀው ሕግ ወጣ። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት ማንንም እንዳያገልል ይከለክላል። ሆኖም መምህር ተማሪውን ቢተነኩስ ያ ‹‹ማግለል›› ይባላል ወይ? ጥያቄው ገና መልስ አልነበረውም።

በ1977 የዬል ተማሪዎችና ምሩቃን የሆኑ ሴቶች ተሰባስበው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። መዝገቡ በመጀመሪያዋ ከሳሽ ስም ‹‹አሌክሳንደር እና ዬል›› ተብሎ ይጠራል። ክሳቸውን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሮኒ አሌክሳንደር ዋሽንት ትማር ነበር። በመምህሯ በደረሰባት ትንኮሳ ምክንያት ሙዚቃውን ለመተው እንደተገደደች ገለጸች። ፓሜላ ፕራይስ የምትባለው ጥቁር አሜሪካዊት ተማሪ አንድ መምህር ጥያቄውን ከተቀበለች ‹‹ኤ›› እንደሚሰጣት ነግሯት፣ እምቢ ስትል ‹‹ሲ›› እንደሰጣት ተናገረች። በእኛ አገር ካምፓሶች ‹‹በግሬድ ማስፈራራት›› የሚባለው ዓይነት መሆኑ ነው። አን ኦሊቫሪየስ ደግሞ ራሷ አልተተነኮሰችም። ዩኒቨርሲቲው አቤቱታ የሚሰማ አካል ስላልነበረው የሌሎችን ጉዳይ በራሷ ጊዜና ገንዘብ ስታጣራና ከኃላፊዎች ጋር ስትነጋገር እንደቆየች፣ በዚህም የተነሳ ዛቻና ማስፈራሪያ እንደደረሰባት ገለጸች።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው የማርጀሪ ራይፍለር ነው። አሠልጣኝ እንደተነኮሳት ተናገረች። አቤት ማለት ፈለገች፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ባለመኖሩ ፈራች። አቤት የሚባልበት መንገድ መኖር አለመኖሩን እንኳ ማወቅ አልቻለችም። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት አሥርት ዓመታት በቀሩት፣ መሪዎችንና ዳኞችን ባፈራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተማሪ የምታንኳኳው በር ጠፋባት።

ሴቶቹ የጠየቁት ካሣ አይደለም። የጠየቁት ዩኒቨርሲቲው አቤቱታ የሚቀበልና የሚመረምር ሥርዓት እንዲያቋቁም ነው። ጠበቃቸው አን ሳይመን ስትሆን፣ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ዋና ሊቅ የሆነችው ካትሪን ማኪነንም በክሱ ትረዳቸው ነበር።

ውጤቱስ? በ1977 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ግሬድን በወሲብ ጥያቄ ላይ ማንጠልጠል በትምህርት ውስጥ የሚፈጸም የጾታ ማግለል ነው ሲል ተቀበለ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ወደ ችሎት ያለፈው የፓሜላ ፕራይስ ክስ ብቻ ሆነ። በ1979 ጉዳዩ በማስረጃ ሲሰማ የእሷ ቃል ከመምህሩ ቃል ጋር ተፋጠጠ። ዳኛዋ የተባለው ነገር አልተፈጸመም ብለው ወሰኑባት። በ1980 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። የቀሩትም ከሳሾች ተመርቀው ወጥተዋል፣ ዩኒቨርሲቲውም የአቤቱታ ሥርዓት አቋቁሟል ተብሎ ጉዳያቸው ተዘጋ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለን እናንብበው። ክሳቸው ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ የጠየቁት ነገር በመፈጸሙ ነው! ዬል በሩን ሠራ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ ሥርዓት አቋቋሙ። እነሱ ግን ያለፉት በር ከመኖሩ በፊት ነበር። ፓሜላ ፕራይስ በኋላ የሰብዓዊ መብት ጠበቃ ሆነች፤ በ2022 በካሊፎርኒያ የአላሚዳ አውራጃ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆና ተመረጠች። አን ኦሊቫሪየስም ጠበቃ ሆነች።

♦ ‹‹ታውቁ ነበር ወይ?››

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሕጉ ሌላ ጥያቄ አመጣ። በ1998 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቴክሳስ የምትማር አንዲት ታዳጊን ጉዳይ ተመለከተ። መምህሯ በደል ፈጽሞባታል፤ በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም። ልጅቷ ግን ለማንም አልተናገረችም። ትምህርት ቤቷ የአቤቱታ ሥርዓቱን ለተማሪዎች አላሳወቀም ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ትምህርት ቤቱ አይጠየቅም አለ። ምክንያቱ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ነገሩን ማወቁና አውቆም ችላ ማለቱ አልተረጋገጠም የሚል ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1999፣ ከጆርጂያ ግዛት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ ቀረበ። እዚህ በዳዩ የክፍሏ ልጅ ነው። እናቷ በተደጋጋሚ ለመምህራንና ለርእሰ መምህሩ አመለከተች። ልጅቷ መቀመጫ እንድትቀይር እንኳ የተፈቀደላት ከሦስት ወር በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። አሁንም በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፍርድ ቤቱ ተማሪ በተማሪ ላይ የሚፈጽመውን ከባድ ትንኮሳ እያወቀ ችላ ያለ ትምህርት ቤት ሊጠየቅ ይችላል አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር እናያለን። በአንደኛው ኃላፊው ‹‹አላውቅም ነበር›› ማለት ቻለ። በሁለተኛው አልቻለም፤ እናትየዋ ደጋግማ ነግራዋለችና። የመጀመሪያው ፍርድ ለተበዳይ የሚመር ነው፤ ዝምታዋን በእሷው ላይ ቆጠረባት። ያም ሆኖ የአቤቱታን ክብደት ያሳየናል። ለሚመለከተው ሰው የደረሰ አቤቱታ ኃላፊነቱን ከተበዳዩ ትከሻ አንሥቶ በሰሚው ላይ ያስቀምጠዋል።

♦ በር ኖሮ ጆሮ ሲጠፋ

ሦስተኛው ታሪክ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ላሪ ናሳር የሚባል ሐኪም እዚያ ይሠራ ነበር፤ የአገሪቱን የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድንም ያክም ነበር። አንዲት ታዳጊ ስፖርተኛ ገና በ1997 ለዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ መናገሯን፣ ነገር ግን እንዳልታመነች ገልጻለች።

በ2014 አንዲት ምሩቅ በደንቡ መሠረት አቤቱታ አቀረበች። ሥርዓት ነበር፤ ቢሮ ነበር፤ ምርመራም ተደረገ። ነገር ግን አስተያየት የተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩና ሰውየውን የሚያውቁ ነበሩ። ያደረገው ሕክምና ነው ተባለ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። እስከ 2016 ድረስ፣ ሬቸል ዴንሆላንደር የተባለች የቀድሞ ስፖርተኛ ለኢንዲያናፖሊስ ስታር ጋዜጣ በስሟ እስክትናገር፣ ታካሚዎች እሱ ዘንድ መግባታቸውን ቀጠሉ።

በጥር 2018 ፍርድ ሲሰጥ ከ150 በላይ ሴቶች ፊቱ ቆመው ወይም በተወካይ የደረሰባቸውን ተናገሩ። ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዩኒቨርሲቲዋ ፕሬዚዳንት ሥራቸውን ለቀቁ። ዩኒቨርሲቲው ለተበዳዮች 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በ2019 ደግሞ የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር 4.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

ገንዘቡ ብዙ ነው። ግን በ2014 ያቺን አንዲት ምሩቅ ከወዳጅነት ነጻ በሆነ ጆሮ መስማት ምን ያህል ያስከፍል ነበር?

♦ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አንዳንድ ወንድምና እህቶች ‹‹የሰው ገመና ማውጣት ጊባ አይሆንም ወይ?›› ይላሉ። ጥያቄው ከአላህ ፍራቻ የመጣ ነውና እናከብረዋለን። መልሱ ግን ከጥንት የተሰጠ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢማም ነወዊ ሪያዱ ሷሊሒን በተሰኘው ኪታባቸው ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ መጀመሪያ ያስቀመጡት የተበዳይን አቤቱታ ነው። ተበዳይ ፍትሕ ሊያስገኝለት ለሚችል ባለሥልጣን ወይም ዳኛ ‹‹እገሌ እንዲህ በደለኝ›› ማለት ይችላል። ልብ እንበል፦ ‹‹ሊያስገኝለት ለሚችል›› ነው የተባለው። በዶርም ውስጥ ወሬ ማዛመትና ለሚመለከተው ማመልከት ይለያያሉ። የተከሰሰውም ሰው ሳይጣራ ስሙ በየቴሌግራሙ ሊጎተት አይገባም። ትክክለኛ የአቤቱታ በር ሁለቱንም ይጠብቃል።

ስለዚህ ካምፓስ ውስጥ ያላችሁ ወንድምና እህቶች፣ ከዚህ ታሪክ ይህን ያዙ። በደል ሲደርስባችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውንና ያየውን ሰው በዚያው ቀን ጻፉ፤ መልእክቶችን አታጥፉ። ፍርድ ቤት ቃል ከቃል ሲፋጠጥ ምን እንደሚሆን አይተናል። አቤቱታችሁን ውሳኔ መስጠት ለሚችል ኃላፊ በጽሑፍ ስጡ፤ ቅጂውንም ከቀኑ ጋር አስቀሩ። ብቻችሁን አትግቡ፤ የምታምኑት ሰው አብሯችሁ ይሁን። አጣሪው የተከሳሹ ወዳጅ ከሆነ ሌላ እንዲመደብ ጠይቁ። አንዱ በር ቢዘጋ የሚቀጥለውን አንኳኩ።

ወላጆችና ታላላቆች ደግሞ የእኛ ድርሻ ጆሮ መሆን ነው። አንዲት ልጅ ደፍራ ስትናገር የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ‹‹ምን ልትሠሪ ሄድሽ?›› ከሆነ ሁለተኛ አትናገርም። የሚበደለው ወንድ ልጅም ‹‹ወንድ አይደለህም እንዴ?›› ከተባለ እንዲሁ ነው። ካርሚታም፣ ሮኒም፣ ማርጀሪም መጀመሪያ ያጡት የሚሰማቸውን ነው።

አላህ ተበዳይን ሰምተው ከሚረዱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ተማሪና ወላጅ ሼር አድርጉ።