የነርቭ ዘንግ ክፍተት፦ የዘረመል ድርሻና የገበታ ድርሻ

የጽንስ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ዘንጉ ከራስ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አኔንሴፋሊ፣ ከጀርባ በኩል ከቀረ ስፓይና ባይፊዳ ይከተላል። አንድ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ወላጆች በቀጣዩ እርግዝና ችግሩ የሚደገምባቸው ከ2 እስከ 5 በመቶ በሆነ ዕድል ነው። ይህ የቤተሰብ ድግግሞሽ ተመራማሪዎችን ወደ ዘረመል መራቸው።

በሰፊው የተጠናው ኤምቲኤችኤፍአር የሚባለው ጂን ነው። ጂኑ የሚያስገኘው ኢንዛይም ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት ያዘጋጃል። በ1995 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጂኑ 677ኛ ቦታ ላይ ሳይቶሲን በታይሚን የተተካበት ልዩነት ታወቀ፤ በዚያው ዓመት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ከስፓይና ባይፊዳ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ። ልዩነቱን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም፤ አቅሙም ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሆኖም ይኸው ደካማ ኢንዛይም ፎሌት በበቂ ሲያገኝ ይረጋጋል። የጂኑ ጉዳት በገበታው ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው። አደጋውንም ቢሆን እጥፍ እንኳ አያደርሰውም።

በቻይና የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ልዩነቱ ከደቡቡ ይልቅ በሰሜን ቻይና ይበዛል፤ አመጋገቡም በፎሌት የደኸየ ነበር። በ1999 በወጣው ውጤት ፎሊክ አሲድ (ሰው ሠራሽ ፎሌት) ካልወሰዱ የሰሜን እናቶች ከ1,000 እርግዝና 4.8ቱ ችግሩ ነበረባቸው፤ ከእርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 400 ማይክሮግራም በወሰዱት ወደ 1.0 ወረደ። በደቡብ ለውጡ ከ1.0 ወደ 0.6 ነው። ጂኑ አልተለወጠም፤ የክልሎቹ ርቀት ግን ጠበበ።

እንቆቅልሹ ወደ እኛ ሲመጣ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ ይህ ልዩነት ከአውሮፓም ከሜክሲኮም ያነሰ ነው። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ግን ከ10,000 ወሊድ ከ120 በላይ ክፍተት መዝግበዋል። ከባድ ሕመምተኞች ወደ ሆስፒታል ስለሚሰበሰቡ አኃዙ የአገሩን ልክ ላያሳይ ይችላል፤ ቢቀነስም ግን ከፍተኛ ነው። ይህን ያህል ጫና ብርቅ በሆነ ልዩነት ማስረዳት አይቻልም።

ዘረመል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2007 እንደተገለጸው የቫንግል1 ጂን ለውጦች በአንዳንድ ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ፎሊክ አሲድ የማይከላከላቸው ክፍተቶችም አሉ። ስለ ኤምቲኤችኤፍአር ምርመራ ግን ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ውጤቱ ምንም ቢሆን ለሴቲቱ የሚሰጠው ምክር አይለወጥም። ከዚህ በፊት ችግሩ ያለበት ልጅ የወለደች እናት በሐኪም ትእዛዝ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል፤ በ1991 የታተመው የብሪታንያ ሙከራ በዚህ መጠን ድግግሞሹን በ72 በመቶ ቀንሷል።

ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄትን በንጥረ ነገር ማበልጸግን አስገዳጅ አድርጋለች። እርምጃው መልካም ነው፤ ነገር ግን እህሉን ሰፈር ወፍጮ ቤት የሚያስፈጨውንና ጤፍ የሚበላውን ቤተሰብ የፋብሪካ ዱቄት አይደርሰውም። ጨው ግን በየቤቱ ይገባል። የጤና ባለሥልጣናት አዮዲን ከሚጨመርበት ጨው ጋር ፎሊክ አሲድንም ማዳረስን ከጂን ምርመራ ያስቀድሙ።