ካርዳን ያለው ብስክሌትና ረጅሙ መንገድ

በጁን 14 ቀን 1897 ሃያ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ሞንታና ከሚገኘው ፎርት ሚዙላ ተነሥተው ወደ ሴንት ሉዊስ በብስክሌት ጉዞ ጀመሩ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች ነበሩ፤ አዛዣቸው ሌተናንት ጄምስ ሞስ ይባላል። ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ስንቁና መለዋወጫው ሲጫንበት የእያንዳንዱ ብስክሌት ክብደት ወደ 27 ኪሎ ይደርስ ነበር፤ ጠመንጃው ሳይቆጠር ማለት ነው። 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በ41 ቀን ጨረሱት። ከመንገዱ አብዛኛው ኮረኮንች፣ ጭቃና አሸዋ ነበር።

የዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በኮነቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ፣ የአልበርት ፖፕ ፋብሪካ ለ1898 ገበያ አዲስ ብስክሌት ይዞ ብቅ አለ። ስሙ «ኮሎምቢያ ቼይንለስ» ነው፤ ካቴና የለውም። በካቴናው ቦታ ልክ እንደ መኪና ካርዳን የሚሽከረከር ዘንግ በፍሬሙ የቀኝ ክንድ ውስጥ አልፎ የፔዳሉን ኃይል ለኋላው ጎማ ያደርሳል። ካቴና ያለው ኮሎምቢያ 75 ዶላር ሲሸጥ የዚህ ዋጋ 125 ዶላር ነበር።

ጓዝ ጭኖ አገር ለአገር ለሚዞር ሰው ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልቆመም። ካርዳን ያላቸው ብስክሌቶች አሁንም ይሠራሉና፣ ከካቴና ጋር መታገል የሰለቸው ተጓዥ ዓይኑን ቢጥልባቸው አይፈረድበትም። የእኔ መልስ ግን ለረጅም ጉዞ አይሆኑም የሚል ነው። ምክንያቱን ለማየት ካርዳኑ መጀመሪያ ለምን እንደተፈለገ ማወቅ ይጠቅማል።

የ1890ዎቹ ካቴና ብዙ ያስቸግር ነበር። ሃንስ ሬኖልድ የዛሬውን ዓይነት ካቴና በ1880 ቢፈጥርም፣ በብዙ ብስክሌቶች ላይ የሚሠራው ከበድ ያለና ቶሎ የሚበላው ዓይነት ነበር። ከከተማ ውጭ ያለው መንገድ አቧራ ነበር፤ አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ደግሞ ብረት ይሞርዳሉ። ቀሚስ ለብሳ የምትነዳ ሴት ጫፉ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባባት ትሰጋለች፤ ሱሪም ይቀደዳል፣ ዘይትም ይነካዋል። ስለዚህ ማሽኑን በሙሉ ግራሶ ሞልቶ መድፈን ብልህ ሐሳብ ነበር። ፈረንሳዮችም ከፖፕ ቀድመው «አካቴን» የሚሉትን ካቴና አልባ ብስክሌት እየሠሩ ነበር። ስመ ጥሩ ጥቁር አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ሜጀር ቴይለር፣ በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በእንዲህ ያለው ብስክሌት ክብረ ወሰን ሰብሯል። በለሰለሰ መወዳደሪያ ሜዳ፣ ያለ ጓዝ፣ ለአጭር ርቀት መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

የሥራው ችግር ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ካርዳኑ የኃይሉን አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ማጠፍ አለበት፤ አንዴ ፔዳሉ ጋ፣ አንዴ ጎማው ጋ። ለዚህ ሾጠጥ ብለው የተቆረጡ ሁለት ጥንድ ጥርሶች ያስፈልጋሉ። ብረቱ እንዲጠነክር በእሳት ግሎ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይጣመማል፤ የተጣመመ ጥርስ ይጮኻል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይሸረፋል። ይህን ችግር ከፈቱት አንዱ የዲትሮይቱ ሄንሪ ሊላንድ ነው። የእሱ ወርክሾፕ የጠነከረውን ጥርስ እንደገና በማሽን እየሞረደ ልኩን ያስይዘው ነበር፤ ለኮሎምቢያም ጥርስ ሠርቶለታል። ሊላንድ በ1902 ካዲላክን የመሠረተ ሰው ነው። ከብስክሌቱ የተገኘው ጥበብ መኪናው ውስጥ ገባ፤ እዚያም ቦታውን አገኘ። በሞተር ብስክሌትም እንደዚያው ሆነ፦ በ1923 የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው አር 32 በካርዳን ነበር የሚሄደው።

ሞተር ጥቂት ኃይል ቢባክንበት ቤንዚን ይጨመርለታል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ጓዝ የጫነ ተጓዥ ቀኑን ሙሉ ሊያወጣ የሚችለው 100 ዋት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ የምትጎድል እያንዳንዷ ዋት ማታ ጉልበት ላይ ትታወቃለች። በ1999 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ስፓይሰርና ባልደረቦቹ ካቴናን በላብራቶሪ ሲፈትሹ ከተሰጠው ኃይል እስከ 98.6 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያስተላልፍ አገኙ፤ ይበልጥ በተወጠረ ቁጥርም ውጤቱ ይሻሻላል። ዳገት ላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ዳገቱን ቀረብ ብለን እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብድግ ብሎ 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የፔዳል ክንድ ላይ ሲቆም፣ 44 ጥርስ ባለው ማርሽ ላይ ያለውን ካቴና ወደ 130 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትተዋል። ካቴናው የማርሹን ግማሽ ያህል አቅፎ ስለሚይዝ ጫናውን ብዙ ጥርሶች ይካፈሉታል። ካርዳኑ ጋ ግን በአንድ ጊዜ የሚነካኩት አንድ ወይም ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ የጥርሱ ክብም ጠባብ ስለሆነ ጫናው ከዚያ ይብሳል። በዚህ ላይ 30 ኪሎ ሻንጣ የፍሬሙን ኋላ ሲያወዛውዘው ጥርሶቹ ከመስመር ይወጣሉ። እንዳይወጡ ቤቱን ማጠንከር ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ክብደት ነው።

ማርሽም ያጥረዋል። ካርዳን ያላቸው ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከኋላው እምብርት ውስጥ በተደበቀ ሰባት ወይም ስምንት ማርሽ ነው። የሺማኖ ኔክሰስ ባለ ስምንቱ በከባዱና በቀላሉ ማርሽ መካከል ያለው ስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመኑ ሮሎፍ ባለ 14 ማርሽ ከአምስት እጥፍ ያልፋል። ለከተማ ሦስት እጥፍ ይበቃል። ጓዝ ጭኖ ተራራ ለሚወጣ ግን ቀላሉ ማርሽ የሚያልቅበት ገና ከወገቡ ሳይደርስ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ብልሽቱ ነው። ካርዳን ቶሎ አይበላሽም ይባላል፤ እውነት ነው። ሲበላሽ ግን ጥርሱ የሚገኘው ከሠሪው ፋብሪካ ብቻ ነው። ካቴና ቢበጠስ በኪስ በምትያዝ መሣሪያ የተበላሸውን ቁራጭ አውጥቶ መቀጠል ይቻላል፤ ከባሕር ዳር እስከ ሐዋሳ ያለ ብስክሌት ሠሪም ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የኋላ ጎማ ሲፈነዳም ካርዳኑ ሥራ ያበዛል፦ የማርሹ ሽቦ ይፈታል፣ ብሎኖቹ ይወጣሉ፣ የጥርሱ ቤት ይላቀቃል። ሲመለስ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ልኩን መያዝ አለበት፤ ከጠበቀ ይከብዳል፣ ከላላ ጥርስ ይዘልላል። ይህን ሁሉ ዝናብ እየዘነበ መንገድ ዳር ማድረግን አስቡት።

ወደ ሞስ ወታደሮች ስንመለስ፣ የስፖልዲንግ ብስክሌቶቻቸው ካቴና ያላቸው ሆነው ካቴናው ግን ተሸፍኖ ነበር። የሞንታናው ጭቃ ሲያቆማቸው ያቆማቸው ቸርኬውን በመያዝ ነው፤ ብስክሌቱን እየገፉ በባቡር ሐዲድ ላይ እስኪሄዱ ድረስ አስቸግሯቸዋል። ካርዳን ቢኖራቸውም ከዚያ ጭቃ አያወጣቸውም ነበር። ካርዳኑ የሚሰጠውን ንጽሕና አብዛኛውን በቀላል ሽፋን አግኝተውት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በካቴናው ቦታ የሚገባ ቀበቶ ይህንኑ ያለ ዘይትና ያለ ዝገት ይሰጣል። በ2018 ሴራሚክስፒድ የተባለው የዴንማርክ ድርጅት በጥርስ ፋንታ ትናንሽ ኩሽኔታዎች የደረደረበትን ካርዳን ለዕይታ አቅርቦ 99 በመቶ ያስተላልፋል ብሎ ነበር። ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ኩሽኔታዎቹ ለአቧራ የተጋለጡ ናቸው፣ አቧራ ደግሞ ካርዳን የተፈለገበት የመጀመሪያው ምክንያት ነበር።

ካርዳን ያለው ብስክሌት በእጁ ኖሮ መጓዝ የሚፈልግ ሰው ግን ቤት ይቅር አልልም። አስፋልትና ሜዳማ መንገድ ይምረጥ፣ ጓዙን ያቅልል። ከመነሣቱ በፊት፣ ይዞ በሚሄደው መሣሪያ ብቻ የኋላውን ጎማ አውጥቶ ይመልሰው። ጎማው ሲፈነዳበት ደግሞ ካላማዳሪውን በአንድ ጎን ብቻ ስቦ አውጥቶ፣ ቸርኬው ከቦታው ሳይነሣ መለጠፍን ይልመድ።