ሁለት ድንጋዮች፤ የቬትናሙ ንጉሠ ነገሥት ቱ ዱክ ራሱን የወቀሰበት ጽሑፍ

መግቢያ

የነገሥታት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻቸው እንዳቀረቡት ነው። ድሉ በሰፊው ይተረካል፤ ሽንፈቱ ግን ወይ ይድበሰበሳል ወይ በሌላ ሰው ይላከካል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመለከተው ሽንፈቱን ራሱ ጽፎ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸ ንጉሠ ነገሥት ነው። እርሱም ከ1847 እስከ 1883 ቬትናምን የገዛው ቱ ዱክ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ንጉሥ ራሱን ሲወቅስ የጻፈውን እንደ ኑዛዜ እናንብበው ወይስ እንደ ድርሰት? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ሰውየውንና ዘመኑን ማወቅ ያሻል።

ንጉሡና ዘመኑ

ቱ ዱክ የተወለደው በ1829 ሲሆን፣ የንጉየን ሥርወ መንግሥት 4ኛው ንጉሠ ነገሥት ነበር። ዙፋኑን የወረሰው ታላቅ ወንድሙ ሆንግ ባው ታልፎ ነው። ሆንግ ባውም በሤራ ተወንጅሎ በ1854 በእስር እንዳለ ሞተ። ቱ ዱክ በኮንፊውሽየስ ትምህርት የበሰለ ሊቅና በቻይና ፊደል እጅግ ብዙ ግጥም የጻፈ ገጣሚ ነበር። በ1856 ያስጀመረውን ትልቁን የአገሩን የታሪክ መጽሐፍ ራሱ እየመረመረ አስተያየቱን ይጽፍበት ነበር። አንድ ቀን ከአደን ዘግይቶ በመመለሱ አርጩሜ ይዞ በእናቱ ፊት ተንበርክኮ ቅጣቱን እንደ ጠበቀ የቤተ መንግሥቱ ትውፊት ይናገራል። ታሪኩ እንደ ተባለው ይሁን አይሁን፣ ሕዝቡ ንጉሡን የሚያስታውስበትን መልክ ያሳያል፤ ጥፋቱን ለመቀበል የሚፈጥን ልጅ።

የአውሮፓውያንን መምጣት የተቀበለው በዚሁ ትምህርት ሚዛን ነው። ለአባቶች መንፈስ የሚቀርበውን ሥርዓት የሚተው ክርስቲያን በእርሱ ዓይን መንግሥትንም የካደ ነው። በመሆኑም ሚሲዮናውያንንና ተከታዮቻቸውን የሚከለክሉና የሚቀጡ ዐዋጆችን አወጣ። የተገደሉት ቀሳውስት ደግሞ ለፈረንሳይና ለስፔን ምክንያት ሆኑላቸው። በመስከረም 1858 የሁለቱ አገሮች መርከቦች ዳ ናንግን ደበደቡ፤ በየካቲት 1859 ሳይጎን ተያዘች። የሳይጎን መያዝ የአንድ ከተማ መጥፋት ብቻ አልነበረም። ዋና ከተማዋ ሁዌ የምትመገበው ሩዝ ከደቡብ የሚመጣ ነበርና መንገዱ ተዘጋ። በሰሜንም በዚያው ሰሞን ዐመፅ ተነሣ። ንጉሡ በሁለት በኩል ተይዞ በሰኔ 1862 የሳይጎንን ውል ተቀበለ፤ ሦስት የደቡብ አውራጃዎችን ለቀቀ፣ 4 ሚሊዮን ዶላር ካሣም ሊከፍል ተስማማ።

ቱ ዱክ ሁሉን ነገር እጁን አጣጥፎ አየ ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1863 የተከበረውን ሹም ፋን ታን ጂያንን አውራጃዎቹን ለማስመለስ ወደ ፓሪስ ላከው። ካቶሊኩ ሊቅ ንጉየን ትሩዎንግ ቶ ከ1863 እስከ 1871 ድረስ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጦርና ስለ ንግድ መሻሻል ተደጋጋሚ ማመልከቻ ሲያቀርብ ንጉሡ ጉዳዩን በሸንጎ አስመከረበት፤ ሰውየውንም መሣሪያና መምህራን እንዲያመጣ ወደ ፈረንሳይ ላከው። ሆኖም በሰኔ 1867 ፈረንሳዮች ቀሪዎቹን ሦስት የደቡብ አውራጃዎች ያለ ጦርነት ሲወስዱ ይህ ጅምር ከሸፈ።

የመጀመሪያው ድንጋይ

ንጉሡ ከ1864 ጀምሮ በሁዌ አጠገብ ሰፊ መካነ መቃብር ያሠራ ነበር። የሥራው ጫና ስለ ከበደ በ1866 ሠራተኞቹ ዐመፁ፤ ዐመፁም በኃይል ታፈነ። ከዚህ በኋላ ሥፍራው ኪየም ተባለ፤ ትርጉሙ ትሕትና ነው። ኩሬውም፣ ድንኳኑም፣ አዳራሹም በየስማቸው ይህንኑ ቃል ተሸከሙ። ሠራተኛውን ያስጨነቀው ሕንፃ የትሕትና ስም መውሰዱ የንጉሡን ጠባይ ከማንኛውም ዜና መዋዕል ይበልጥ ይገልጠዋል።

በልማዱ መሠረት የሟቹን ንጉሥ የሐውልት ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ልጁ ነው። ቱ ዱክ ልጅ ስላልወለደ ጽሑፉን ራሱ አዘጋጀ። በ1875 የተተከለው ድንጋይ 20 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ጽሑፉም ወደ 5000 የሚጠጉ ፊደላት አሉት። በውስጡ በሽታውን፣ ልጅ ማጣቱን፣ የመሬቱን መወሰድ ይዘረዝራል፤ የራሱንም ድክመት ያነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በቻይናና በእርሷ ትምህርት በተቀረጹት አገሮች ንጉሥ ራሱን የሚወቅስበት ጽሑፍ የታወቀ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነው። ድርቅ ወይም ሽንፈት ሲደርስ ሰማይ ተቆጥቷል ይባላል፤ ንጉሡም ጥፋቱን በይፋ ይቀበላል። በእኔ አስተያየት ይህ ወቀሳ ሥልጣንን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጸና ነው። ሰማይ የሚጠይቀው ንጉሡን ብቻ ከሆነ፣ መልስ ለመስጠት የተገባውም እርሱ ብቻ ነውና። የሐውልቱ ጽሑፍ ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ የዘርፉን ሕግ ሳያውቁ ማንበብ ግን ግማሹን መሳት ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ

ፋን ታን ጂያን በ1867 ምሽጎቹን ሳይዋጋ አስረከበ። ውጊያው ከንቱ እልቂት እንደሚሆን አምኖ ነበር። ከዚያም ምግብ ትቶ በመጨረሻ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ንጉሡ ግን ማዕረጉን ገፈፈው፤ በ1826 በታላቁ ፈተና በማለፉ በሊቃውንት ሐውልት ላይ የተቀረጸውን ስሙን በመሮ አስፋቀው። ስሙ የተመለሰው ቱ ዱክ ከሞተ በኋላ በ1886 ነው።

ሁለቱ ድንጋዮች አንድ ላይ መነበብ አለባቸው እላለሁ። ውሉን የተቀበለው፣ መልእክተኛውን የላከውና የሾመው ንጉሡ ነው። በአንዱ ድንጋይ ስለ ጥፋቱ በረጅሙ ይናገራል፤ በሌላው የአገልጋዩን ስም ያጠፋል። አንዱ ለመናገር ሥፍራ አገኘ፤ ሌላው ስሙ እንኳ ተነፈገ።

ብዕሩ ከሞቱም በኋላ ሥራውን አላቆመም። በ1883 ሃኖይ በፈረንሳዮች እጅ እንዳለች ቱ ዱክ በሐምሌ ሞተ። በኑዛዜው የወንድሙን ልጅ ዙክ ዱክን ወራሽ ሲያደርግ፣ እዚያው ላይ የጠባዩን ጉድለት ጻፈ። ወራሹ ያ ክፍል እንዳይነበብ ቢፈልግም መማፀኛ አልሆነውም፤ እንደራሴዎቹ ይህንኑ ምክንያት አድርገው በሦስት ቀን ከዙፋን አወረዱት፤ በእስር ቤትም በረሃብ ሞተ። ቤተ መንግሥቱ በዚህ ሲታመስ ፈረንሳዮች በነሐሴ የሁዌን የባሕር በር ምሽጎች ደበደቡ፤ በወሩ መጨረሻም አገሪቱ በእነርሱ ጥበቃ ሥር የምትገባበት ውል ተፈረመ።

ማጠቃለያ

ቱ ዱክን ፈሪ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ራሱን በመውቀሱ ብቻ ማድነቅም እንዲሁ። ሩዙ የተቋረጠበት፣ ዐመፅ የከበበው፣ ያዘመነ ጦር የሌለው መንግሥት ምርጫው ጠባብ ነበር። ጥፋቱን ማመኑም የሐሰት አይመስለኝም። ነገር ግን ጥፋትን ማመንና ኃላፊነትን መሸከም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በጽሑፍ ያበቃል፤ ሁለተኛው በአገልጋይ፣ በሠራተኛና በወራሽ ላይ በሚፈጸመው ይታያል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ድምፁ ምን ያህል እንደሚነካ ከመመዘኑ ጋር፣ ይህ ድምፅ ሲናገር ማን ዝም እንዲል እንደ ተደረገም ሊጠይቅ ይገባዋል።