መስኮቱን ያዥጎረጎረው ማን ነው?

ፔዳ ግቢ ስትገቡ ገና አሁን ተወልውሎ ነጫጭ መስመር የቀረበት መስኮት ብታዩ፣ «ጽዳቷ በደንብ አልሠራችም» ለማለት አትቸኩሉ።

«ፔዳ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጣ ነው። ግቢው ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ! ውኃ ውስጥ እንደ ካልሲየም ያሉ ማዕድናት ሟሙተው ይገኛሉ። መስታወቱ ሲግል ውኃው ሳይጠረግ ይተናል፤ ማዕድኑና ሳሙናው ግን አይተኑም፣ እዚያው ይደርቃሉ።

ስለዚህ የመስኮት ጽዳት ታሪክ ከፀሐይ ጋር የተደረገ እሽቅድምድም ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ስደተኛ ኤቶሬ ስቴኮኔ ቀለል ያለ፣ ከነሐስ የተሠራና አንድ የጎማ ምላጭ ያለው መጥረጊያ ፈጠረ፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብትም አገኘበት። ጎማው ውኃውን ከነማዕድኑ ጠርጎ ያወርደዋል። ፀሐይ የምታደርቀው ነገር እምብዛም አይተርፋትም።

ጎማው ከሌለስ? ሰዓት መምረጥ ነዋ! ወደ ምሥራቅ የሚያየው መስኮት ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው ደግሞ ጠዋት ይወልወል፤ ያኔ ጥላ ነው።

እንግዲህ ሠራተኛዋን ከመውቀሳችሁ በፊት፣ በስንት ሰዓት እንድትወለውል እንደታዘዘች ጠይቁ።